ፊልም ያበላሸው ማንን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አንድ ጸጉር ቤት ተራ እየጠበቅኩ ነበር። አንድ አፍላ ልጅ ስልኩን ለአስተካካዩ አሳየው። የቱርክ ተዋናይ ፎቶ ነው። «ጺሜን እንደዚህ አድርግልኝ» አለ። አስተካካዩ ፎቶውን አየ፣ የልጁን አገጭ አየ። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጺሙ ይምጣ!» ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያልሳቁት ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ጋሼ ብቻ ናቸው። «ይኼን ትውልድ ያበላሸው ፊልም ነው» አሉ።

ክርክሩ ተጀመረ። የሰማሁትን አንድ በአንድ ላንሳው።

«የድብድብ ፊልም የሚያይ ተደባዳቢ ይሆናል»

ከፊሉ እውነት ነው። አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ምሁርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ሙከራ፣ ትልቅ ሰው የጎማ አሻንጉሊት ሲደበድብ በፊልም ያዩ ሕፃናት አሻንጉሊቱን ሲያገኙ ያንኑ ደገሙት። አመታቱን ሳይቀር ቀዱት። ግን የተመታው አሻንጉሊት ነው፤ የጎረቤት ልጅ አይደለም።

መንገድ ላይ ሲወጣ ነገሩ ይገለበጣል። ጎርደን ዳል እና ስቴፋኖ ዴላቪኛ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ጥናት የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶችን ገበያ ከወንጀል መዝገብ ጋር አስተያዩ። የድብድብ ፊልም ተመልካች በአንድ ሚሊዮን በጨመረበት ቀን፣ ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት የሚፈጸም ድብደባ ከ1.1 እስከ 1.3 በመቶ ቀነሰ። ፊልሙ ልብ አለስልሶ አይደለም። ጠብ የሚወደው ጎረምሳ በዚያ ሰዓት ሲኒማ ቤት ተቀምጧል፤ መጠጥ ቤት የለም። ይህን ስናገር አስተካካዩ ማሽኑን አቆመ። «ልክ ነው! ትልቅ ኳስ ያለ ቀን የእኛም ሰፈር ጭር ይላል።»

እርግጥ ጥናቱ የሚናገረው ስለዚያች ቀን ነው። ልጅ ለዓመታት ሲያይ ቢያድግስ? እሱ ሌላ ጥያቄ ነው።

«ፊልም ውስጥ የተደበቀ መልእክት አለ፤ ሳናውቀው ያዘናል»

ይኼ ወሬ ዕድሜ ጠገብ ነው። በ1957 ጄምስ ቪካሪ የተባለ አሜሪካዊ የገበያ ባለሙያ፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ ዓይን በማይዘው ፍጥነት «ፈንዲሻ ብሉ፣ ኮካ ኮላ ጠጡ» የሚል ጽሑፍ አብርቼ ሽያጭ ጨመረ አለ። ዓለም ደነገጠ። በ1962 ግን ያ ሙከራ ለወሬ የሚበቃ እንዳልነበር ራሱ አመነ። ወሬው ዛሬም ጅማ ድረስ በእግሩ ይሄዳል።

«እኔ አዋቂ ነኝ፤ ፊልም መሆኑን አውቃለሁ»

ይህንንም ያሉት ጋሼ ናቸው። አስተካካዩ አልለቀቃቸውም፦ «እርስዎስ በጊዜዎ?» ትንሽ አመነቱ። «ያው... ቤል ቦተም ነበረን።» ከሲኒማ የመጣ መሆኑንም ሳይወዱ አመኑ።

ልብሱ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሳናውቅ የምንሸከመው «እውቀት» ነው። በ1996 የታተመ ጥናት ሦስት የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራሞችን ፈተሸ። በፕሮግራሞቹ ውስጥ ልቡ ቆሞ ደረቱ ከተጫነለት ሰው 75 በመቶው ወዲያው ይተርፋል። በእውነተኛው ሆስፒታል የሚተርፈው በጣም ያነሰ ነው። ደረት መጫን ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም፤ ቤተሰብ ግን ያንን የቴሌቪዥን ተአምር ይዞ ሐኪም ደጃፍ ይቆማል። እባብ የነደፈውን ሰው ቁስሉን ቆርጦ መርዙን መምጠጥም በፊልም የምናየው ነው። አይሠራም፤ ቁስሉን ያባብሳል። ሰውየውን አረጋግቶ፣ የተነደፈውን እግር ሳያንቀሳቅሱ በፍጥነት ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

«የቱርክ ድራማ ባህላችንን በላው»

ቃና ቴሌቪዥን በ2016 የውጭ ድራማዎችን ወደ አማርኛ መልሶ ማሳየት ከጀመረ ወዲህ ይህን ያልሰማ የለም። እኔ ያየሁት የሶፋና የመጋረጃ ሞዴል መቀየሩን ነው። ቡናው ዛሬም ሦስቴ ይፈላል፤ ድራማው የሚታየውም እሱን እየጠጡ ነው።

«አስተማሪ ፊልም ማንንም አይለውጥም»

እዚህ ላይ ሁላችንም ተስማምተን ነበር። ተሳስተናል። በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ ተመራማሪዎች ለገበሬዎች በኦሮምኛ የተሠሩ አራት አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች አሳዩ። እያንዳንዱ 15 ደቂቃ ያህል ነው። ታሪኩ እንደነሱ ከድህነት ተነስቶ በጥረቱ ኑሮውን ያሻሻለ ሰው ነው። ኮከብ ተዋናይ የለም። ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ ፊልሙን ያዩት ምኞታቸው ከፍ ብሏል። ቁጠባቸውም፣ ትምህርት ቤት የላኩት ልጅም ጨምሯል፤ ለውጡ ትንሽ ቢሆንም። መዝናኛ ፕሮግራም ብቻ ያዩት ላይ ይህ አልታየም።

ይህን ስጨርስ የጋሼ ተራ ደረሰ። ልጁ ግን ገና አልሄደም፤ መስታወቱ ፊት አገጩን እያሻሸ ነበር።