ሌየር ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ ሙሽሮች ፋሲል ግቢ ገብተው ፎቶ መነሣታቸው የተለመደ ነው። አንዳንዴ ግን ፎቶው ላይ የሚጎድል ሰው አለ። አባት ከሰርጉ በፊት አርፈዋል። ቤተሰቡ አንድ የቆየ ጉርድ ፎቶ ይዞ ፎቶ ቤት ይሄዳል፤ አባታችንን ከሙሽሮቹ ጋር አድርጉልን ይላል። ይህን የሚያስችለው በኮምፒውተር የፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ውስጥ ያለው ሌየር ነው።

ሌየር ማለት ለብቻው የሚቀመጥ የምስል ድርብ ነው። ነጠላን አስቡ። ስሱ ክፍል ከሥር ያለውን ቀሚስ ያሳያል፤ ጥለቱ ይሸፍነዋል። ሌየርም ከላይ ሲደረብ በከፊል ያሳያል፣ በከፊል ይሸፍናል። ከሥሩ ያለው ፎቶ ግን አይነካም።

ሐሳቡ ከኮምፒውተር ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የነበሩ ኔጋቲቮች (ፎቶ የሚታተምባቸው ብርሃንና ጥላቸው የተገለበጠ ምስሎች) በታተመው ፎቶ ላይ ሰማይን ከልክ በላይ ያነጡት ነበር። ስለዚህ ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ጉስታቭ ለ ግሬ ባሕሩን ከአንድ ኔጋቲቭ፣ ሰማዩን ከሌላ ወስዶ በአንድ ወረቀት ላይ ያትም ነበር። ታዋቂው የፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ፎቶሾፕም እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ ሌየር አልነበረውም። ሌየር የመጣው በ1994፣ በ3.0 እትሙ ነው።

ወደ አባትየው እንመለስ። ጉርድ ፎቶ የሚያሳየው ፊትና ትከሻ ብቻ ነው። የሌላ ሰው አካል ፈልጎ ከመቀጠል እሳቸውን ከሙሽሮቹ ኋላ ማቆም ይሻላል። ያኔ ትከሻቸው ይበቃል። ስለዚህ ሦስት ሌየር ያስፈልጋል። ከሥር ሙሉው የሰርግ ፎቶ፣ መሀል ላይ አባት፣ ከላይ ደግሞ ከዚያው ፎቶ ተገልብጠው ለብቻቸው የወጡት ሙሽሮች።

ሙሽሮቹ ከግንቡ የሚለዩት በማጥፊያ አይደለም። በማስክ ነው። ማስክ ሌየሩ ላይ የሚታሰር ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። ነጭ የተቀባው ቦታ ይታያል፣ ጥቁር የተቀባው ይደበቃል፣ ግራጫው በከፊል ያሳልፋል። የቬሎው ጫፍ ከተበላሸ ብሩሹን ነጭ አድርጎ መልሶ መቀባት ነው። በማጥፊያ የጠፋ ግን ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ አይመለስም። የኮት ትከሻ ጠንካራ ብሩሽ ይፈልጋል፤ ፀጉርና ቬሎ ለስላሳ።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ግን ቆረጣው ላይ ሳይሆን ብርሃኑ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከምዕራብ ስትመጣ የሙሽሮቹ አንድ ጉንጭ ይበራል፣ ሌላው ይጨልማል። የጉርድ ፎቶ ብርሃን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ለፊት ነው። የሚያየው ሰው ምክንያቱን ባያውቅም የተለጠፈ መሆኑ ያስታውቀዋል። መፍትሔው ከአባትየው በላይ አዲስ ሌየር ከፍቶ ሞዱን፣ ማለትም ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሐድበትን መንገድ፣ መልቲፕላይ ማድረግ ነው። በዚህ ሞድ ነጭ አይታይም፤ ጠቆር ያለ ቀለም ከሥሩ ያለውን ያጠቁራል። ከፀሐይዋ በተቃራኒ ያለውን ጉንጭ ቀስ እያሉ መቀባት ነው።

ጉርዱ ጥቁርና ነጭ ከሆነስ? የእሳቸውን የቆዳ ቀለም በግምት ከመቀባት ሙሉውን ፎቶ ጥቁርና ነጭ ማድረግ እመርጣለሁ። ልጆቹ የአባታቸውን መልክ ያውቃሉ፤ የተሳሳተ ቀለም ያስከፋቸዋል።

ስካኑም ወሳኝ ነው። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ሲደረግ ወደ 700 በ945 ፒክሰል ይሰጣል። ለኋላ ረድፍ ፊት ይሄ አያንስም። አሮጌው ፎቶ ደብዘዝ፣ አዲሱ ጥርት ስለሚል ደግሞ ከሁሉም በላይ አንድ የግሬን (የፊልም ፎቶ ላይ የሚታዩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች) ሌየር ቢጨመር ሁለቱ ይቀራረባሉ።

ፎቶው ከታተመ በኋላ ጀርባው ላይ የተቀናበረ መሆኑና ዓመቱ ቢጻፍ ጥሩ ነው። የልጅ ልጆች አያታቸው ሰርጉ ላይ የነበሩ እንዳይመስላቸው።

ፎቶሾፕ የሌለው ሰው በነፃ የሚገኘውን ጊምፕ፣ ወይም በብራውዘር የሚከፈተውን ፎቶፒ መጠቀም ይችላል። ሌየርና ማስክ ሁለቱም አላቸው። ሥራው ሲያልቅ ጄፔግ ብቻ አድርጎ ማስቀመጥ ግን አይበቃም፤ ጄፔግ ሌየሮቹን አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል። አንድ ቅጂ ሌየሮቹን እንዳሉ በሚያቆይ የፋይል ዓይነት፣ በፒኤስዲ፣ ጊምፕ ከሆነ በኤክስሲኤፍ፣ ይቀመጥ። ቤተሰቡ ነገ ተመልሶ አባታችን በእናታችን በኩል ይሁኑልን ቢል ሁሉም ከዜሮ አይጀመርም።