ግሉተን የሌለውና ካርቦሃይድሬቱ ዝቅተኛ የሆነ ዳቦ ምንድን ነው?

«ግሉተን የለውም» እና «ካርቦሃይድሬቱ ዝቅተኛ ነው» የሚሉት መግለጫዎች በዳቦ ማሸጊያ ላይ ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ስለሚታዩ፣ አንዱ ካለ ሌላውም አለ ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት አይደለም። የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት ልጃቸው ከውጭ የላከላቸውን ግሉተን የሌለው ዳቦ ያለ ሥጋት ይቆርሳሉ፤ ስንዴ የማይስማማው ሰው ደግሞ «ኪቶ» (ካርቦሃይድሬትን እጅግ የሚቀንስ አመጋገብ) የሚል ጽሑፍ ያየበትን ዳቦ አምኖ ይገዛል። ሁለቱም ሊጎዱ ይችላሉ። ለዚህ ከጤፍ የተሻለ ምስክር አይገኝም፤ ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ነገር ግን ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ከ70 ግራም በላይ የሚሆነው ካርቦሃይድሬት ነው። በዚህ በኩል ከስንዴ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሊጡን ማቡካትም ስታርቹን፣ ማለትም የዱቄቱን ዋና ካርቦሃይድሬት፣ በጥቂቱ ይቀንሰው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም።

እዚህ የምናወራው ዳቦ እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ጊዜ የወጡበት ዳቦ ነው። አንደኛው ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን ነው፤ ሁለተኛው ስታርች።

ሁለቱን ለይቶ ለማየት ላብራቶሪ አያስፈልግም። አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት በውኃ ለውሶ፣ በደንብ አሽቶ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ማሳረፍ ነው። ከዚያ ሊጡን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቀስ እያሉ መጭመቅ። ውኃው ወዲያው ይነጣል፤ የሚያነጣው ስታርች ነው። ውኃውን እየለወጡ ማጠቡን ሲቀጥሉ ሊጡ እያነሰ ይሄድና በመጨረሻ እጅ ላይ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ግራጫ ቁራጭ ይቀራል። ግሉተን ማለት ይህ ነው። ይህንኑ በጤፍ ሊጥ ቢሞክሩት ግን እጅ ላይ የሚቀር ነገር የለም፤ ሁሉም ተበትኖ ከውኃው ጋር ይወርዳል። ያኮፖ ቤካሪ የተባለው የቦሎኛ ምሁር የስንዴን ዱቄት በዚህ መንገድ ለሁለት ከፍሎ ያገኘውን እ.ኤ.አ. በ1728 በንግግር ገልጾታል፤ ጽሑፉም በ1745 ታትሟል።

ግሉተን የሚፈጠረው ግሊያዲንና ግሉተኒን የሚባሉት የስንዴ ፕሮቲኖች ውኃ ሲያገኙና ሲታሹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ ነው። በገብስና ራይ በሚባለው የአውሮፓ እህል ውስጥም ተመሳሳይ ፕሮቲኖች አሉ። ስለዚህ በሶ፣ የገብስ ቆሎና በገብስ የተጠመቀ ጠላ ግሉተን መብላት ለማይገባው ሰው ክልክል ናቸው። ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሽምብራ፣ ኮጮ ከግሉተን ነጻ ናቸው፤ ሁሉም ግን ካርቦሃይድሬታቸው ብዙ ነው።

የሚገርመው፣ ለስኳር ሕመምተኞች ከተዘጋጁት ቀደምት ዳቦዎች አንዱ የተጋገረው ከራሱ ከግሉተን መሆኑ ነው። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 ከመገኘቱ በፊት ሐኪሞች በእጃቸው የነበረው ዋና መድኃኒት ምግብ መቆጣጠር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው አፖሊኔር ቡሻርዳ ሕመምተኞቹ ዳቦ ሲናፍቁ ቢያይ የስንዴውን ስታርች አጥቦ በማስወጣት የቀረውን ግሉተን ጋግረው እንዲበሉ መከረ። እንግሊዛዊው ሐኪም ፍሬድሪክ ፔቪ ደግሞ በዚያው ክፍለ ዘመን በአልሞንድ ዱቄት የተጋገረ ዳቦን መረጠ። የቡሻርዳ መንገድ ዛሬም አልተዘጋም። በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች «ኪቶ» ተብለው ከሚሸጡት ዳቦዎች ብዙዎቹ የሚቆሙት በተጣራ የስንዴ ግሉተን ነው። ለስኳር ሕመምተኛው መልካም ሊሆን ይችላል፤ ሴሊያክ ላለበት ሰው ግን ከዚህ የከፋ ዳቦ የለም።

ሴሊያክ የሰውነት መከላከያ ግሉተንን ሲያገኝ ፊቱን አዙሮ የራሱን ትንሹን አንጀት የሚያጠቃበት ሕመም ነው። በዓለም ላይ ከ100 ሰዎች አንዱ ገደማ አለበት ተብሎ ይገመታል። ተቅማጥና ክብደት መቀነስ የታወቁት ምልክቶች ናቸው፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን የሚታየው በብረት እጥረት የመጣ የደም ማነስ ብቻ ነው። ጥፋቱ የስንዴ መሆኑን ያሳየው ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካረል ዲከ ሲሆን፣ የዶክትሬት ጥናቱን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ ሴሊያክ አለብኝ ብሎ የሚጠረጥር ሰው ከምርመራው በፊት ስንዴ መብላት ማቆም የለበትም። ካቆመ የደም ምርመራው ሕመሙ እያለ የለም ሊል ይችላል።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ገበያ ላይ የሚገኘው የተለመደው ግሉተን አልባ ዳቦ አለ። የዚህን የጀርባ ጽሑፍ ያነበበ ሰው የሩዝ ዱቄት፣ የበቆሎ ስታርች፣ የካሳቫ ስታርች፣ የድንች ስታርች እያለ ሲወርድ ያገኘዋል። ግሉተኑ ወጥቶ በቦታው ተጨማሪ ስታርች ገብቷል ማለት ነው። የደም ስኳርን ከስንዴ ዳቦ ባላነሰ ፍጥነት ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

ሁለቱን አንድ ላይ ማስወጣት ለጋጋሪ ቀላል ሥራ አይደለም። በስንዴ ዳቦ ውስጥ እርሾው የሚያወጣውን አየር አቅፎ የሚይዘው ግሉተን ነው። ምድጃ ውስጥ ሙቀቱ ሲጨምር ውኃ ጠጥቶ የሚያብጠውና ሲቀዘቅዝ ረግቶ የዳቦውን ውስጥ የሚያቆመው ደግሞ ስታርች ነው። ሁለቱም ከሌሉ እርሾው የሚበላውም፣ አየሩን የሚይዘውም፣ ቅርጹን የሚያጸናውም የለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ ሌላ ሠራተኛ መቅጠር ያስፈልጋል።

ለዱቄቱ መፍትሔው እህልን ትቶ ወደ ቅባት እህሎች መዞር ነው፤ በዚህ ደግሞ የእኛ አገር ጓዳ ድሀ አይደለም። ውጭ አገር የሚመረጠው አልሞንድ ነው፤ በ100 ግራም ውስጥ 20 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ሲኖረው ከግማሽ በላይ የሚሆነው አንጀት የማይፈጨው ፋይበር ነው። ተልባ ግን ከዚህም ይበልጣል። በ100 ግራም ተልባ ውስጥ 29 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ቢኖርም 27 ግራሙ ፋይበር ነው፤ ወደ ደም የሚገባ ስኳር ከሞላ ጎደል የለውም ማለት ይቻላል። ሰሊጥና ኦቾሎኒም ይሆናሉ። የሱፍ አበባ ፍሬም ተፈጭቶ ይጋገራል፤ ብቻ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ሲገናኝ ዳቦው በማግስቱ ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አልሻገተም፤ በፍሬው ውስጥ ያለ ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባል ነገር ከሶዳው ጋር ሲዋሐድ የሚያመጣው ቀለም ነው። አቼቶ ሲጨመርበት ይቀንሳል።

የግሉተንን ቦታ የሚይዘው ደግሞ ሲሊየም ነው። የአንድ ትንሽ ተክል ዘር ቅርፊት ሲሆን በብዛት የሚመረተው በሕንድ ነው። የዓረብ አገር የኖሩ ሰዎች በሕንዶች ሱቅ «ኢስፓጎል» ተብሎ ሲሸጥ አይተውት ይሆናል፤ ፋርማሲዎችም ለሆድ ድርቀት ይሸጡታል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሲሊየም በአንድ ኩባያ ውኃ ውስጥ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ቢጠብቁ ውኃው ረግቶ ዝልግልግ ይሆናል። ተልባ ሲበጠበጥ የምናውቀው ዝልግልግነት የዚሁ ዘመድ ነው፤ የሲሊየሙ ግን እጅግ የጠነከረ ነው። አየሩን የሚይዘው፣ ሊጡ እንዳይፈረካከስ የሚያደርገው፣ ሲቆረጥም ዳቦ ዳቦ እንዲል የሚያደርገው እሱ ነው። ሲሊየም የሌለበት የአልሞንድ ዳቦ ኬክ ነው፤ በቅቤና በማር ይበላል እንጂ ወጥ አይጠቀስበትም።

አሠራሩ አጭር ነው። 120 ግራም የአልሞንድ ዱቄት፣ 60 ግራም የተፈጨ ተልባ፣ 35 ግራም የተፈጨ ሲሊየም፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በደረቁ በደንብ ይደባለቃሉ። ደረቁ በደንብ ካልተደባለቀ ሲሊየሙ ውኃ ሲነካው ተጓጉሎ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈታው የለም። አራት እንቁላልና ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ለብቻ ተመትተው ይጨመራሉ። በመጨረሻ ሩብ ሊትር ትኩስ ውኃ እየተፈሰሰ ፈጠን ብሎ ይማሰላል። መጀመሪያ ቀጭን ሾርባ መስሎ ያስደነግጣል፤ ዱቄት ለመጨመር ግን መቸኮል አይገባም። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ሲቆይ ራሱ ይጠነክራል፤ ከዚያ እጅን ውኃ እየነከሩ ቅርጽ ማስያዝ ይቻላል። በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ኦቨን ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይጋገራል። ፋይበሩ ሲቀነስ በጠቅላላው ዳቦ ውስጥ የሚቀረው ካርቦሃይድሬት 20 ግራም ገደማ ነው። ለ12 ቢቆረጥ ለአንዱ ቁራጭ ሁለት ግራም አይሞላም፤ የተለመደ የስንዴ ዳቦ ቁራጭ 15 ግራም ያህል አለው።

አብዛኛው ዳቦ የሚበላሸው ምድጃ ውስጥ ሳይሆን ከወጣ በኋላ ነው። ሲሊየም የያዘውን ውኃ ቶሎ አይለቅም፤ ላዩ ቡናማ ሆኖ ውስጡ ገና እርጥብ ሊሆን ይችላል። ሥሩ ሲኳኳ ባዶ ነገር የሚመስል ድምፅ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ አሥር ደቂቃ ቢጨመርለት አይከፋውም። ከወጣም በኋላ ከሥሩ አየር በሚያገኝበት ነገር ላይ ተቀምጦ ሙሉ በሙሉ መቀዝቀዝ አለበት። ትኩሱን የቆረጠ ሰው ቢላዋው ላይ የሚጣበቅ ሊጥ ያገኛልና አልበሰለም ብሎ ይፈርዳል፤ ጥፋቱ የመቸኮል ነው። አንዳንድ ሲሊየም ደግሞ ዳቦውን ወደ ሐምራዊ ያደላ ቀለም ይሰጠዋል፤ ይህም ጉዳት የለውም።

ኦቨን የሌለው ቤት ይህን ሊጥ ጣት በሚያህል ውፍረት ዳምጦ ምጣድ ላይ በዝቅተኛ እሳት፣ አክምባሎ ደፍቶ እንደ ቂጣ ሊጋግረው ይችላል። እውነቱን ለመናገር ቂጣው ከዳቦው ይሻላል፤ ቀጭን ስለሆነ ውስጡ በደንብ ይደርቃል። ለጾም እንቁላሉን አውጥቶ ተልባውንና ሲሊየሙን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ አይነፋም፣ ግን አይፈርስም።

ለሴሊያክ ሕመምተኛ የሚጋገር ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ግሉተን አልባ የሚለው በኪሎ ግራም ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ግሉተን ያለበትን ምግብ ነው። ይህ እጅግ ጥቂት ነው፤ በሰፈር ወፍጮ ቤት ከስንዴ ቀጥሎ የተፈጨ ተልባ በቀላሉ ያልፈዋል። ስለዚህ ተልባውን በቤት ውስጥ፣ ስንዴና ገብስ በማይነካው ወፍጮ መፍጨት ይሻላል። ወንፊቱም ለብቻው ይሁን። ቤኪንግ ፓውደርም የስንዴ ስታርች የገባበት ሊሆን ስለሚችል ጽሑፉን ማንበብ ነው። በአሜሪካ ምግብ ቤቶች የሚቀርበው እንጀራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል፤ ጤፍ ነው ተብሎ ብቻ አይታመንም።

ይህ ዳቦ ለማን ነው? ሴሊያክ ብቻ ያለበትና ስኳር የሌለበት ሰው በውድ ዋጋ አልሞንድ ከሚገዛ ንጹሕነቱ የታወቀ የጤፍ እንጀራ ቢበላ ይቀለዋል። የስኳር ሕመም ብቻ ያለበት ሰው ይህን መጋገር ይችላል፤ ነገር ግን ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚቀንስ ክኒን የሚወስድ ከሆነ ካርቦሃይድሬቱን በድንገት ሲቀንስ የደም ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድበት ስለሚችል አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መድኃኒቱን ማስተካከል አለበት። በትክክል የሚያስፈልገው ሁለቱ ሕመሞች አንድ ላይ ላሉበት ሰው ነው፤ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሴሊያክ የሚይዛቸው ከሌላው ሰው በበለጠ ስለሆነ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ክብደት ለመቀነስ ብቻ የሚጋግር ሰው ግን 100 ግራም የአልሞንድ ዱቄት ወደ 600 ካሎሪ፣ ስንዴው 360 ካሎሪ ገደማ እንዳለው ቢያውቅ መልካም ነው።

ከሲሊየም ጋር ውኃ በብዛት መጠጣት ያስፈልጋል፤ ለፋይበር ያልለመደ ሆድ መጀመሪያ ላይ ሊነፋ ስለሚችል በአንድና በሁለት ቁራጭ መጀመር ይሻላል። የተረፈው በፍሪጅ ውስጥ አራት አምስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አስቀድሞ ቆራርጦ ፍሪዘር ውስጥ መክተትና ሲፈለግ አንድ አንዱን አውጥቶ ማሞቅ ነው።