ሩት ካናል ምንድን ነው? የተጎዳ ጥርስ የሚሞላው፣ ሥሩ የሚታከመው ወይም የሚነቀለው መቼ ነው?

ሩት ካናል ወይም የጥርስ ሥር ሕክምና፣ በጥርስ ውስጥ ያለው ለስላሳ አካል ሊያገግም በማይችል ደረጃ ሲጎዳ ወይም ሲሞት፣ ያንን አካል አውጥቶ የነበረበትን ክፍተት በማጽዳትና በመድፈን ጥርሱን በቦታው የሚያቆይ ሕክምና ነው። ብዙ ሰዎች «ነርቭ መግደል» ይሉታል። ጥርስን ከማስሞላት ከበድ ያለ፣ ከማስነቀል ግን የሚያድን አማራጭ ነው፤ ታካሚዎች ስሙን ሲሰሙ ሕመሙም ወጪውም ስለሚያስፈራቸው «ይነቀልልኝና ልረፍ» ማለት ይቀናቸዋል። መንቀል ትክክለኛ ውሳኔ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ውሳኔው ሊመሠረት የሚገባው በሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው፦ የጥርሱ ውስጣዊ አካል በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? ከጥርሱስ ጤናማ ሆኖ የተረፈው ምን ያህል ነው?

የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ኢናሜል ይባላል። በሰው አካል ውስጥ ካለው ሁሉ ጠንካራው ነገር ሲሆን፣ ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው፤ ሕያው ሴል ስለሌለው ግን አንዴ ከተቦረቦረ መልሶ አይበቅልም። ከእሱ ሥር በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላው ዴንቲን፣ በመሃሉም ነርቭና የደም ሥር የያዘው ፐልፕ ይገኛል። በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከስኳር አሲድ ይሠራሉ፤ በጥርሱ ገጽ ላይ ያለው የፒኤች መጠን (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ኢናሜሉ መሟሟት ይጀምራል። ጉዳቱ ዴንቲን ከደረሰ በኋላ ወደ ፐልፕ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። ፐልፕ ሲቆጣ እንደ ማንኛውም የሰውነት ክፍል ሊያብጥ ይሞክራል፤ ነገር ግን በዙሪያው ያለው ግድግዳ ጠንካራ ስለሆነ መስፊያ የለውም፤ ደም የሚያገኘውም በዋናነት በሥሩ ጫፍ ባሉ እጅግ ጠባብ ቀዳዳዎች በኩል ነው። የጥርስ ሕመም እንቅልፍ የሚነሳውና ፐልፕ በቀላሉ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀዝቃዛ ውኃ ወይም ጣፋጭ ነገር ሲነካው የሚያምና በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የሚተው ጥርስ፣ ፐልፑ አብዛኛውን ጊዜ ሊያገግም የሚችል ነው፤ የተበላሸው ክፍል ተጠርጎ ጥርሱ ቢሞላ ይበቃዋል። ሕመሙ ቀዝቃዛው ነገር ከተወገደ በኋላ ለደቂቃዎች ከቆየ፣ ትኩስ ሻይ ካባባሰው፣ ያለ ምንም መነሻ ከጀመረ ወይም ጋደም ሲሉ ከባሰ፣ ፐልፑ የማገገም ዕድሉን አልፏል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ብዙ ሰው ያታልላል፦ ከቀናት ወይም ከሳምንታት ስቃይ በኋላ ሕመሙ በድንገት ይጠፋል። ታካሚው «ተሻለኝ» ብሎ ቀጠሮውን ይተዋል፤ ነገር ግን ሕመሙ የጠፋው ነርቩ ስለሞተ ነው። የሞተው አካል የባክቴሪያ ማደሪያ ሆኖ መመረዙ በሥሩ ጫፍ አልፎ ወደ መንጋጋ አጥንት ይገባል። ወራት ቆይቶ ሲያኝኩ የሚሰማ ሕመም፣ በድድ ላይ ብቅ እያለ የሚፈርጥ ብጉር መሰል እብጠት ወይም በራጅ ላይ በሥሩ ጫፍ ዙሪያ የሚታይ ጥቁር ጥላ የዚህ ምልክት ነው።

ሐኪሙ ይህን ሁሉ ከታካሚው ቃል ብቻ አይደመድምም፤ መደምደምም የለበትም። በጣም የቀዘቀዘ ጥጥ በመጀመሪያ ጤናማ ጎረቤት ጥርስ ላይ፣ ከዚያ በተጠረጠረው ላይ በማድረግ ስሜቱንና የሚቆይበትን ጊዜ ያነጻጽራል፤ በአፍ መመልከቻ መስታወቱ እጀታ ቀስ ብሎ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ይመታል፤ ድዱን በጣቱ ይጫናል፤ ራጅ ያነሳል። ማነጻጸሩ አስፈላጊ የሆነው የፐልፕ ሕመም ቦታውን በትክክል ስለማይናገር ነው፤ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ታሞ ታካሚው ላይኛውን የሚያሳይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ራጅ ብቻውንም ፐልፑ በሕይወት መኖሩን አይነግርም። ያለ እነዚህ ፈተናዎች የሚነቀል ጥርስ ጤናማው ጥርስ ሊሆን ይችላል። የጥርስ ቀለምም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ ለምሳሌ በወንጂና በመተሐራ፣ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ቡናማ የሚሆነው በልጅነታቸው የጠጡት የከርሰ ምድር ውኃ የፍሎራይድ መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ስለሚበልጥ ነው። እንዲህ ያለው ጥርስ ከውስጥ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስፈልገውም የመልክ ሕክምና እንጂ ሩት ካናል አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ በታካሚዎች ዘንድ እምብዛም አይነሳም፤ ጥርሱ ይድናል ወይስ አይድንም የሚለውን የሚቆርጠው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የተበላሸው ሁሉ ከተጠረገ በኋላ ከድድ በላይ በዙሪያው ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ጤናማ ግድግዳ ከቀረ፣ ክራውን የሚባለው ሽፋን የሚይዘው ነገር ያገኛል። ሥሩ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ብልሽቱ ከድድ ሥር ርቆ ከወረደ፣ ወይም በድድ በሽታ ምክንያት አጥንቱ ሸሽቶ ጥርሱ የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ሩት ካናል ቢሠራም ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው። እንዲህ ያለውን ጥርስ «ይነቀል» የሚል ሐኪም ታማኝ ሐኪም ነው።

ሕክምናው የሚጀምረው በማደንዘዣ መርፌ ነው። በጣም የተቆጣ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ በአንድ መርፌ ላይደነዝዝ ስለሚችል፣ ታካሚው የሚሰማው ሕመም ካለ ዝም ብሎ መታገሥ የለበትም፤ እጁን አንሥቶ ሊያስታውቅና ተጨማሪ ማደንዘዣ ሊያገኝ ይገባዋል። ከዚያ ራበር ዳም የሚባል ስስ የጎማ ሽፋን ጥርሱን ከምራቅ ይለያል፤ በጥርሱ አናት ላይ ቀዳዳ ይከፈትና ቀጫጭን መርፌ መሰል መሣሪያዎች ወደ ሥሩ ቦዮች ይወርዳሉ። የቦዩ ርዝመት በራጅ ወይም በኤሌክትሮኒክ መለኪያ ይለካል። ቦዩ በመሣሪያ ከመፋቁ ይልቅ በፈሳሽ መታጠቡ ይበልጥ ወሳኝ ነው፤ ለዚህ የሚያገለግለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በቤታችን በረኪና ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ መሣሪያ የማይደርስበትን ሕብረ ሕዋስ ያሟሟል። በመጨረሻም ቦዩ ጉታ ፐርቻ በሚባል፣ ከዛፍ ወተት በሚገኝ ጎማ መሰል ነገር ይደፈናል። የፊት ጥርስ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦይ ብቻ ስላለው ሥራው በአንጻሩ ቀላል ነው። የላይኛው የመጀመሪያ ትልቅ የመንጋጋ ጥርስ ግን ሦስት ሥሮችና ብዙ ጊዜ አራት ቦዮች አሉት፤ አራተኛው እጅግ ቀጭንና የተሰወረ ስለሆነ ሳይጸዳ ሊታለፍ ይችላል፤ ያልተሳካ ሩት ካናል ሲመረመር ከሚገኙት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

ሥሩ ታክሞ ሕመሙ ሲቆም ሕክምናው ያበቃ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የታከመ የመንጋጋ ጥርስ በመበስበሱና በመከፈቱ ብዙ አካሉን ያጣ ስለሆነ፣ በማኘክ ጫና ለሁለት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስለዚህ በክራውን መሸፈን ይኖርበታል። ትንሽ ቀዳዳ ብቻ የተከፈተበት የፊት ጥርስ ግን በሙሊት ብቻ ሊቆይ ይችላል። ስለ ዋጋ ሲጠየቅ የሥር ሕክምናውና የክራውኑ ወጪ አብሮ መጠየቅ አለበት፤ የመጀመሪያውን ብቻ ከፍሎ ሁለተኛውን መተው ጥርሱን ከዓመት በኋላ ማጣት ሊሆን ይችላል።

መንቀል በዕለቱ ርካሽ ነው፤ ወጪው የሚመጣው ቆይቶ ነው። ጎረቤት ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፤ ትይዩ የሆነው ጥርስ ከቦታው እየወጣ ይመጣል፤ የመንጋጋው አጥንትም በዚያ ቦታ እየሳሳ ይሄዳል። ቦታውን ለመሙላት ከሚወልቀው አርቲፊሻል ጥርስ በቀር ያሉት አማራጮች ውድ ናቸው፦ ብሪጅ፣ ማለትም በጎረቤት ጥርሶች ላይ ተደግፎ የሚቆም አርቲፊሻል ጥርስ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ጤናማ ጎረቤት ጥርሶችን መሞረድ ይጠይቃል፤ ኢምፕላንት ደግሞ በአጥንት ውስጥ የሚተከል የቲታኒየም ሥር ነው። የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርስ፣ የአእምሮ ጥርስ የሚባለው፣ ሲነቀል ግን ብዙውን ጊዜ መተካት አያስፈልገውም።

በየፋርማሲው የሚደረገው ሌላው «ሕክምና» አሞክሳሲሊን የተባለውን ፀረ ተሕዋስያን (አንቲባዮቲክ) ገዝቶ መዋጥ ነው። መድኃኒቱ በደም በኩል የሚጓዝ ስለሆነ የደም ሥሩ ወደ ሞተበት ፐልፕ አይደርስም፤ ለተቆጣ ፐልፕም ሕመም አያስታግስም። ፀረ ተሕዋስያን ተገቢ የሚሆነው ትኩሳት ወይም የሚስፋፋ እብጠት ሲኖር ነው፤ ያኔም ቢሆን የመመረዙ ምንጭ በሕክምና ካልተወገደ እብጠቱ ይመለሳል። ቅርንፉድ በውስጡ ያለው ዩጂኖል ለጊዜው ሕመም ያደነዝዛል፤ በድድ ላይ የሚታሰር ነጭ ሽንኩርት ግን ድዱን ያቃጥላል። ከመንጋጋ ሥር ወደ አንገት የሚወርድ እብጠት፣ አፍ መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ አለመቻል፣ የትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ መመረዙ የአየር መተላለፊያን ሊዘጋ ስለሚችል በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።