ስለ ሩሎ ምርጫ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮዬ ፈጬ ወይም ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የደረሰው፣ ለገጣፎ ወይም ገላን በብሎኬት ቤት አሠርቶ የገባ ሰው ስለ ቀለሙ ሳምንት ሙሉ ሰው ያማክራል። መልኩን መርጦ፣ ዋጋ ተከራክሮ ከጨረሰ በኋላ ባለሱቁን «አንድ ሩሎም ጨምርበት» ይለውና የተሰጠውን ይዞ ይሄዳል። ቀለሙ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ግን በዚያ ሩሎ፣ ማለትም በሚንከባለለው ቀለም መቀቢያ ጠጉር በኩል ነው። የማይስማማ ሩሎ ጥሩውን ቀለም ያበላሸዋል፤ ወቀሳው ደግሞ ቀለሙና ቀቢው ላይ ይወድቃል። የውስጥ ግድግዳ በፕላስቲክ ቀለም (በውሃ በሚቀጥነው) ሲቀባ ደጋግመው የሚሰሙትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሩሎ ሁሉ ያው ነው»

አይደለም። እጀታው ላይ የሚሰካው ሽፋን በጠጉሩ ርዝመት፣ ጠጉሩ በተሠራበት ነገር፣ በውስጥ ቱቦው እና በጫፉ አሠራር ይለያያል። ከሁሉም የሚቀድመው ርዝመቱ ነው። ማሸጊያው ላይ በሚሊሜትር ካልተጻፈ፣ ማስመሪያ በጠጉሩ መሃል ሰንጥቆ ቱቦውን እስኪነካ ገፍቶ ማንበብ ይቻላል።

ርዝመቱን የሚወስነው ግድግዳው ነው። ስቱኮ (የልስኑን ሸካራነት የሚደፍን ቅብ) ተቀብቶ በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገ ወይም በጂብሰም የተለሰነ ግድግዳ ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ይበቃዋል። ስቱኮ ያልነካው የአሸዋና የሲሚንቶ ልስን ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ያልተለሰነ ብሎኬት ወይም ወጣ ገባ የጭቃ ግድግዳ ከ18 እስከ 25 ሚሊሜትር ካልሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ቀለም አይገባለትም።

ግድግዳዎ የትኛው እንደሆነ ካጠራጠረ፣ ማታ የክፍሉን መብራት አጥፍተው የስልክዎን መብራት ግድግዳው ላይ ለጥፈው ወደ ጎን ያብሩ። ብርሃኑ ሳይቆራረጥ ከተንሸራተተ አጭር ጠጉር ነው የሚስማማው። እያንዳንዱ የአሸዋ ቅንጣት ጥላ ከጣለ መካከለኛውን ይግዙ። ጥላዎቹ ተያይዘው ጥቁር ጉድጓድ ከመሰሉ ረጅሙን ይያዙ። በአንድ ቤት ውስጥ ሳሎኑ ስቱኮ፣ ዕቃ ቤቱ ስቱኮ ያልነካው ልስን መሆኑ የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ ሁለት ሽፋን መግዛት ግድ ይላል።

«ጠጉሩ በረዘመ ቁጥር ሥራው ይፈጥናል»

ረጅም ጠጉር ብዙ ቀለም መያዙ እውነት ነው። ለስላሳ ግድግዳ ላይ ግን የያዘውን ሁሉ ይለቀዋል፤ ሲነሳም ቀለሙን አብሮ እየሳበ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ጉብጉብ ትቶ ይሄዳል። ፊት ለፊት ሲያዩት ብዙም አይታወቅም። ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ጎን ስትገባ ግን ግድግዳው በሙሉ ፈንጣጣ የወጣበት ይመስላል። ያንን ለማጥፋት ያለው መንገድ ደርቆ ሲያልቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ እንደገና መቀባት ብቻ ነው። በተጨማሪም ረጅም ጠጉር በፍጥነት ሲሽከረከር ወለልና ፊት ላይ ይረጫል።

«አጭር ጠጉር ቀለም ይቆጥባል»

ቀለሙን የሚጠጣው ግድግዳው ነው። 3 በ4 ሜትር የሆነች፣ ቁመቷ 2.6 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። ዙሪያዋ 14 ሜትር ስለሆነ ግድግዳዋ 36 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 33 ይቀራል። ለስላሳ ግድግዳ ላይ 1 ሊትር ቀለም ለአንድ እጅ (ለአንድ ዙር ቅብ) 10 ካሬ ሜትር ገደማ ከሸፈነ፣ ለአንድ እጅ 3.3 ሊትር፣ ለሁለት እጅ ወደ 6.6 ሊትር ይሄዳል። ሸካራ ልስን ሲሆን ያው 1 ሊትር 6 ወይም 7 ካሬ ሜትር ላይ ያልቃል። ሸካራው ላይ አጭር ሩሎ ይዞ መቆጠብ ያሰበ ሰው ጫፍ ጫፉን ብቻ ይቀባል፤ ቀዳዳዎቹ ያልተቀቡ ነጥቦች ሆነው ይቀራሉ፤ ሦስተኛ አንዳንዴም አራተኛ እጅ ይጨምራል። ቁጠባው እዚያው አለቀ።

«ስፖንጅ ሩሎ ለስላሳ ነው፤ ግድግዳውንም ያለሰልሳል»

የስፖንጅ ቀዳዳ አየር ይይዛል። ሲንከባለል አየሩ ቀለሙ ውስጥ ይገባና አረፋ ይሠራል፤ አረፋው ሲፈነዳ መርፌ የወጋው የመሰለ ጉድጓድ ይተዋል። የሚይዘው ቀለምም ትንሽ ስለሆነ ሰፊ ግድግዳ ላይ እጅ ያደክማል። ስፖንጅ ወይም ከፋይ የመሰለ 4 ሚሊሜትር ጠጉር ያለው፣ 10 ሴንቲሜትር የሚሆን ትንሽ ሩሎ የሚጠቅመው ለበርና ለመስኮት ፍሬም ነው። የዘይት ቀለም ከሆነ ደግሞ ስፖንጁን አስቀድመው ይሞክሩት፤ ጠንካራ ማቅጠኛ አንዳንዱን ስፖንጅ ያሟሟዋል።

«የእውነተኛ በግ ጠጉር ከሆነ ከሁሉ ይበልጣል»

ለዘይት ቀለም ጥሩ ነው። በውሃ ለሚቀጥን ቀለም ግን ውሃውን ራሱ እየጠጣ ይረጥባል፣ ይተኛል፣ ይቋጠራል። ለፕላስቲክ ቀለም ፖሊስተር ወይም ማይክሮፋይበር ይምረጡ። ኖራ ለሚቀቡ ሰዎች ጥንቃቄው የበለጠ ነው፤ ኖራ የበግ ጠጉርን ይበላዋል።

«ከፕላስቲኩ አውጥቶ ቀጥታ ቀለም ውስጥ»

ርካሽ ሩሎ ቤቱን የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። የላላው ጠጉር እየተነቀለ እርጥብ ቀለም ውስጥ ይቀራል፤ ሲደርቅ ጭረት ይመስላል፤ በጥፍር ሲነሳ ደግሞ ቀለሙን ይዞ ይመጣል። ሱቅ ውስጥ እያሉ ጠጉሩን በሁለት ጣት ቆንጥጠው ይሳቡት። ጥቂት ክር ከወጣ የተለመደ ነው፤ በቁንጥር ከወጣ ይመልሱት። ከዚያ ጭምቅ አድርገው ይልቀቁት፤ ቶሎ ካልተነሳ ግድግዳ ላይም አይነሳም። ጣትዎን ዙሪያውን ሲያስኬዱ ስፌቱ እንደ ጉብታ ከተሰማዎ፣ በዞረ ቁጥር ግድግዳው ላይ መስመር ያትማል። ውስጡንም ይዩ፤ ተራ ካርቶን ቱቦ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ጠጉሩም ይላቀቃል። የፕላስቲክ ቱቦ ይሻላል። ቀዳዳው ለእጀታዎ ልክ መሆኑን እዚያው ሰክተው ያረጋግጡ።

ቤት ሲደርሱ ዙሪያውን በማስኪንግ ቴፕ ጠቅልለው ይላጡት፤ ልቅ ጠጉሩ ቴፑ ላይ ይቀራል። ከዚያ በውሃ አርጥበው በደንብ ይጭመቁና ወደ ቀለሙ ይሂዱ። የረጠበ ጠጉር የመጀመሪያውን ቀለም እኩል ይቀበላል።

«ሩሎው ስቱኮውን ነቅሎ አነሳው፤ ሩሎው መጥፎ ነው»

ብዙ ጊዜ የሚሰማ፣ ብዙ ጊዜም የተሳሳተ ክስ ነው። ሩሎው እየላጠ የሚመጣው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው ብርጭቆ ወረቀት የተወው ዱቄት ነው፤ ቀለሙ ዱቄቱ ላይ ይጣበቃል እንጂ ግድግዳውን አይነካም። በጥቁር ጨርቅ ግድግዳውን ጠረግ ያድርጉት፤ ጨርቁ ከነጣ ገና አልተጠረገም። ሁለተኛው ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን መነሻ ቅብ) አለመቀባት ነው። ደረቅ ስቱኮ ውሃውን በቅጽበት ይስብና ቀለሙን ጠጉሩ ላይ ያደርቀዋል። ሦስተኛው በግማሽ የደረቀ ቀለም ላይ ተመልሶ መሄድ ነው፤ ላዩ ቆዳ አውጥቷል፣ ሥሩ እርጥብ ነው፣ ሩሎው ቆዳውን ይዞ ይነሳል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነም አራት ሳምንት ያህል ሳይደርቅ መቀባት የለበትም። በአሮጌ ቤት ኖራ ላይ ለሚቀባ ሰው መፍትሔው ሩሎ መቀየር ሳይሆን የሚበነውን ኖራ መፋቅ ነው።

«ቀለሙ እስኪያልቅ ተጭኖ መሄድ»

ሩሎ ሲጫኑት ቀለሙ በሁለቱ ጫፍ ተጨምቆ ይወጣና ከላይ እስከ ታች የባቡር ሐዲድ የመሰለ ሁለት መስመር ይሠራል። ሲደርቅ በጣት ይዳሰሳል። ጫፉ ክብ ሆኖ የተቆረጠ ሽፋን ይህንን ይቀንሳል፤ ዋናው ግን እጅ ማቅለል ነው። ሲቸገር የሚጫን ሰው ወይ ጠጉሩ አጥሮበታል ወይ ቀለም አልጨመረም።

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሚሆን ቦታ ቀለሙን በዚግዛግ ያሳርፉ፣ በአግድም ያዳርሱ፣ ከዚያ ሳይጫኑ ከላይ ወደ ታች በአንድ አቅጣጫ ይጨርሱ። ቀጣዩ ቦታ ከእርጥቡ ጠርዝ ጋር መያያዝ አለበት። ይህ ለእኛ አካባቢ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በበጋ አየሩ ደረቅ ሆኖ መስኮት ተከፍቶ ሲቀባ ጠርዙ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፤ መጋጠሚያውም ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ግድግዳ ከጀመሩ ሻይ ሳይሉ ከጥግ እስከ ጥግ ይጨርሱት፤ ነፋስ የሚያስገባውን መስኮት እስከዚያው ይዝጉ። በክረምት ደግሞ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ሁለተኛውን እጅ ለመቀባት መቸኮል አይቻልም።

«ማታ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሳደር»

ጠጉሩ ይተኛል፣ ቱቦው ያብጣል፣ ጠዋት የሚንጠባጠበው ውሃም ቀለሙን ያቀጥነዋል። ነገ በዚያው ቀለም ከቀጠሉ ማጠብም አያስፈልግም፤ አየር እንዳይገባ በፌስታል አጥብቀው ጠቅልለው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት።

ሥራው ሲያልቅ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር አንድ ጄሪካን ሳይሞላ ማጠብ ይቻላል። መጀመሪያ በስፓቱላ ወይም በቢላ ጀርባ ቀለሙን ወደ ጣሳው ጠርገው ይመልሱ፤ ሲያዩት የማይታመን ብዙ ይወጣል። ከዚያ ሦስት ባልዲ፣ በእያንዳንዱ 4 ሊትር ውሃ፦ በመጀመሪያው ዋናው ቆሻሻ ይለቃል፣ በሁለተኛው በሳሙና ይታሸት፣ በሦስተኛው ይለቅለቅ። የመጀመሪያውን ውሃ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ አይድፉት፤ ያሳድሩትና ዝቃጩን አድርቀው ከቆሻሻ ጋር ይጣሉት። ሽፋኑን አስተኝተው ካደረቁት በአንድ ጎኑ ጠፍጥፎ ይቀራል፤ በጫፉ ያቁሙት።