የጎንደር አዝማሪ፦ ከማሲንቆ እስከ ስቱዲዮ

የጎንደር አዝማሪ ዘፋኝ ብቻ አይደለም። ግጥሙን እዚያው ይገጥማል፣ ዜማውን ያወጣል፣ ማሲንቆውን እየመታ ይዘፍናል። ስቱዲዮ ሲገባ ግን ይሄ ሁሉ ይበተናል፤ ለግጥም ደራሲ፣ ለዜማ ደራሲ፣ ለአቀናባሪና ለድምፃዊ።

ሙያው በአብዛኛው በዘር ይወርዳል። ልጅ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ሥር ሆኖ ይለምዳል። በጎንደር አካባቢ በአዝማሪዎቿ የታወቀች መንደር ቡርቧክስ ናት። አዝማሪዎች ሌላ ሰው የማይሰማው የራሳቸው ቋንቋም አላቸው። ስለ ደንበኛው ኪስ ለመመካከር ሳይበጅ አይቀርም!

ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ነው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ የተሠራ። የደጋኑም ክር እንዲሁ። እንደ ጊታር የድምፅ መከፋፈያ ስለሌለው ድምፁን የሚወስነው ጣት ነው። ክራር ላይ ቅኝት፣ ማለትም የዜማው ድምፆች አደራደር፣ ሲቀየር ክሮቹ እንደገና ይቃኛሉ። ማሲንቆ መቺ ግን ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ቅኝት የሚሄደው ጣቱን በማዛወር ነው።

ስቱዲዮ ላይ ይሄ ነፃነት ይፈተናል። አዝማሪ ማሲንቆውን የሚቃኘው ለራሱ ጉሮሮ ነው፤ የኪቦርድ ድምፅ ግን አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ማሲንቆው ለኪቦርዱ ይቃኛል። ብዙ ጊዜ ኪቦርዱና ድራሙ ቀድመው ይገባሉ፣ ማሲንቆ መቺው ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ይከተላል። የሰው ፊት እያየ ስንኝ ማርዘም የለመደ ሰው፣ ምቱ የማይጠብቀው ማሽን ፊት ይቀመጣል። ለእኔ ከባዱ ነገር ይሄ ነው።

ገንዘቡም ሌላ ነው። ጠጅ ቤት ወይም ሠርግ ላይ ብር ግንባር ላይ ይለጠፋል። በካሴት ዘመን ፕሮዲዩሰሩ ብዙ ጊዜ ሙዚቃ ቤቱ ራሱ ነበር። ትልልቆቹ ሙዚቃ ቤቶች አዲስ አበባ ስለነበሩ የጎንደር ልጅም ወደዚያው ይሄድ ነበር። አንዴ ተከፍሎት ከወጣ፣ ካሴቱ ቢቸበቸብም ባይቸበቸብም ያው ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ ሥራን፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳ ሥራን፣ ይጠብቃል፤ ግን ተቀርፆ ወይም ተጽፎ መቀመጥ አለበት። አዝማሪ ቤት ደግሞ ስንኙ የሚወለደው አፍ ላይ ነው። አንዳንዴም የአዝማሪው አይደለም። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። በማግስቱ ያንኑ ስንኝ ስቱዲዮ ገብቶ ቢቀርፀው ባለቤቱ ማን ይሆናል? ጠጁ ሲቀዳ ይሄን የሚጠይቅ የለም።