«ደንገጎን እንደ ቀልድ ትወጣለች» እና ሌሎች የቤተሰብ መኪና ወሬዎች

ድሬ ላይ መኪና ልትገዛ እንደሆነ አንድ ሰው ከሰማ በቃ፣ ሰፈሩ ሁሉ መካኒክ ይሆናል። ከዚራ ሻይ ይዘህ ስትቀመጥ አንዱ «ራቭ ፎር ግዛ» ይልሃል። ሳቢያን ሳትደርስ ሌላው «አቦ ተወው፣ ቱሳን ነው እንጂ!» ይላል። ክሮስኦቨር የሚባሉት እነዚህ የቤተሰብ መኪኖች ደግሞ ወሬ ይበዛባቸዋል። ቁመታቸው የጂፕ፣ ውስጣቸው የአውቶሞቢል ስለሆነ ሁሉም የፈለገውን ይናገርባቸዋል። የኔ አቋም አንድ ነው፦ ቤተሰብ ጭና፣ ኤሲ ተከፍቶ፣ ከድሬ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት ወጥታና ወርዳ ያልታየች መኪና ገና አልታየችም።

«ከፍ ያለች ናት፣ ፎር ባይ ፎር ናት»

ላትሆን ትችላለች። አንዱ ሞዴል በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳም፣ በአራቱም የሚነዳም ሆኖ ይመረታል። ከኋላ የተለጠፈውን ጽሑፍ አትመን፣ ማንም ገዝቶ ይለጥፈዋል። ይልቅ ጎንበስ በልና ከሥር እይ። ከፊት ተነስቶ ወደ ኋላ የሚሄድ ረጅም ዘንግ፣ በኋላ ጎማዎች መሀል ደግሞ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍል የብረት ሳጥን) ካለ በአራቱም ትነዳለች። ኤሌክትሪክ ከሆነች ግን ዘንግ አትፈልግ፣ ከኋላም ከፊትም ሞተር እንዳላት ጠይቅ።

በአራቱም ብትነዳስ ላንድክሩዘር ትሆናለች? አትሆንም። አብዛኞቹ ክሮስኦቨሮች የኋላውን ጎማ የሚያግዙት የፊቱ ሲንሸራተት ነው፣ ለከባድ ቦታ የሚሆን ዝቅተኛ ማርሽም የላቸውም። ደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ገብተህ ከቀረህ ጽሑፉ አያወጣህም፣ ጎረቤት ነው የሚገፋልህ። ለከተማና ለሐረር አስፋልት ግን የፊት ጎማው ራሱ ይበቃል። ነዳጅም ይቆጥባል፣ የሚበላሸውም ነገር ይቀንሳል።

«40 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የነዳችው»

ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። የማይመለሰውን እይ። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ከታየ፣ የሾፌሩ ወንበር በመግቢያው በኩል ከተተለተለ፣ መሪው እጅ በሚያርፍበት ቦታ ካብለጨለጨ፣ ያቺ መኪና 40 ሺህ ብቻ አልነዳችም። ከዚያ ጎማውን አንብብ። በጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ፦ «2319» ከሆነ በ2019 (እ.ኤ.አ.) በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። ትንሽ ነዳች የተባለች መኪና አራቱም ጎማ ከእሷ በብዙ ዓመት ያነሰ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ የት ሄዱ ብለህ ጠይቅ። ጎማው የመኪናዋ እኩያ ከሆነ ደግሞ ጥርሱ ቢያምርም ዕድሜውን ቁጠር።

እውነት ትንሽ ብትነዳም በዚያ ብቻ ንጹሕ ናት አይባልም። ድሬ ፀሐይ ላይ ዓመታት የቆመች መኪና የውሃ ቱቦዋ ይሰነጠቃል፣ ጎማዋ ይደርቃል፣ ባትሪዋ ይሞታል።

«ሞተሯ ድምፅ የለውም፣ ሰላም ናት»

ይሄኛው ነው ብዙ ሰው ኪሱን ያስጨረሰው። ቆማ ድምፅ የሌላት መኪና ሞልታለች። ለሻጩ ቀድመህ ደውልና ሞተሩን እንዳያስነሳ ንገረው። ጠዋት ማልደህ ሂድ፣ ምክንያቱም ረፋድ ላይ ኮፈኑን ያሞቀው ሞተሩ ይሁን ፀሐዩ አትለይም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ (ሲሞቅ ያቃጥልሃል) የራዲያተሩን ክዳን ክፈት። ውስጡ ጠራ ያለ ቀለም ያለው ኩላንት መሆን አለበት። ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ ካየህ ባለቤቱ በቧንቧ ውሃ ሲነዳ ከርሟል። ኩላንት ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ ባዶ ውሃ ሁለቱንም አይሠራም። የዘይቱ ክዳን ሥር የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ሳይገናኙ አልቀሩም። ጋርኒሲዮኑ (ሞተሩና ቴስታታው መሀል ያለው ማሸጊያ) ወይም ቴስታታው ራሱ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጠርጣሪ ነው፣ ዋጋ ከመደራደርህ በፊት መካኒክ ይየው።

ከዚያ ወደ ደንገጎ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ሐረር ወደ 1,900 ይጠጋል። ተርቦ (አየር ጠቅጥቆ የሚያስገባው) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ስለዚህ ካታሎግ ላይ ያለው የፈረስ ጉልበት ሐረር ላይ የለም። አንተ ብቻህን ሆነህ ከሳቢያን ከዚራ ስትነዳት ፈጣን የመሰለችህ 1.6 ሊትር፣ አምስት ሰውና አንድ ኩንታል ጭና ኤሲ ተከፍቶ ዳገቱ ላይ ሌላ መኪና ትሆናለች። ሻጩ «ዳገት ላይ ኤሲ ይጠፋል፣ ደንቡ ነው» ካለህ ሳቅና ኤሲውን አትዝጋ። ጤነኛ ዘመናዊ መኪና ኤሲ ከፍታ ትወጣዋለች፣ የሙቀት መርፌውም ከመሀል ንቅንቅ ማለት የለበትም።

ጆሮህን ካምቢዮው ላይ አድርግ። ብዙዎቹ ክሮስኦቨሮች ሲቪቲ የሚባለው አውቶማቲክ አላቸው። ነዳጅ ስትሰጣት ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ፣ ወይም ስትነሳ ከተርገበገበች ተጠንቀቅ። «ዘይቱ የዕድሜ ልክ ነው» የሚባለውንም እርሳው። በሙቀትና በዳገት የሚሠራ ካምቢዮ ዘይቱ ያረጃል፣ መቼ እንደተቀየረ ጠይቅ።

ሐረር ደርሰህ ምሳ በልተህ «ጎበዝ ናት» ብለህ አትፈርም። ፍሬኗን የምታየው ስትመለስ ነው። ቁልቁለቱን ኤል (ዝቅተኛው ማርሽ) ላይ ወይም በእጅ ማርሽ አውርዳት፣ ሞተሩ ይያዛት። ፍሬን ላይ ተኝተህ ከወረድክ ማንም መኪና ይሸታል፣ ፔዳሉም ይላላል። በልክ ስትይዛት መሪው እጅህ ላይ ከተንቀጠቀጠ ግን የፍሬኑ ዲስክ ችግር ሊኖርበት ይችላል።

«ሰባት ሰው ትይዛለች»

ሰባት ወንበር አላት ማለትና ሰባት ሰው ትይዛለች ማለት ይለያያል። ሐረር የምትታወቅበት ፔጆ 404 ፋሚሊያል የሚባል ዘመድ ነበረው፣ ርዝመቱ ተጨምሮ ለሦስት ረድፍ ወንበር የተሠራ። የዛሬዎቹ ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን ረድፍ ሻንጣ ቦታ ላይ የወተፉት ናቸው። ልጆቹን ይዘህ ሂድና አስቀምጣቸው። ትልቁን ከኋላ አድርግ፣ ከኋላ የኤሲ ቀዳዳ መኖሩን እይ፣ ከዚያ ሻንጣው የት እንደሚገባ አስብ።

«ቦሎ አላት፣ ሊብሬዋም ንጹሕ ነው»

ቦሎ ጤና ዋስትና አይደለም፣ ያለፈውን ምርመራ ነው የሚያሳየው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር በአይንህ አስተያይ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ከሚመለከተው ቢሮ አጣራ። ደላላው «እኔ አለሁ» ካለህ እሱ ነገ የለም።

«ዜሮ ዜሮ ናት፣ ምን ይታያል?»

መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ማገዱን በ2016 ዓ.ም. ካሳወቀ ወዲህ አዲስ የቤተሰብ መኪና ሲባል አብዛኛው ኤሌክትሪክ ነው። አዲስነቷ አያዘናጋህ። ዋስትናውን የሚሰጥህ ማን ነው፣ እዚህ ወይስ ቻይና? ቻርጅ ማድረጊያ ሶኬቷ የቻይና ዓይነት ከሆነ አንተ የምትጠቀመው ቻርጀር ይገጥማታል? ስክሪኗ በምታነበው ቋንቋ ይሠራል? በአንድ ቻርጅ ትሄዳለች የተባለው ርቀት የቻይና መለኪያ ከሆነ ደግሞ ቀንስለት፣ ያ መለኪያ ለጋስ ነው።

ደንገጎ እዚህም አለ። ሁለት ቶን የምትመዝን መኪና 700 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትበላለች፣ መንገዱ የሚወስደው ሌላ ነው። ስትወርድ ሞተሩ ራሱ እየያዛት የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል፣ ፍሬንህም ያርፋል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚመለሰው መግቢያ የለውም፣ ሥራው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሐረር ላይ 100 በመቶ ሞልተህ አትውረድ፣ 85 አካባቢ ሲደርስ ንቀል።