«ጩኸቴን ቀማኝ»

ባለፈው ቅዳሜ ነው፤ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ። አንድ ባጃጅ ወደ ኋላ ሲመለስ የአንዲት እናት ቲማቲም መደብ ላይ ወጣ። ቲማቲሙ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሴትዮዋ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሹፌሩ ዘሎ ወረደ። «ሰው መንገድ ላይ ይሸጣል እንዴ? ብጋጭ ማን ሊከፍለኝ ነው?» እያለ ሰፈሩን አናወጠው። እሳቸው ወገባቸውን ይዘው ትንሽ አዩትና፣ «በሕግ አምላክ! ይሄ ልጅ ጩኸቴን ቀማኝ እኮ!» አሉ።

ሌባ ተደብቆ ይሰርቃል፤ ቀማኛ ግን ዓይን እያየ ይነጥቃል። እዚህ የተነጠቀው ላም ወይም ብር ሳይሆን ጩኸት ነው። ጩኸት ደግሞ ድሮ ዋጋ ነበረው። ፖሊስ ጣቢያ በሌለበት መንደር የተበደለ ሰው እሪ ይላል፣ የሰማ ጎረቤት ዱላውን ይዞ ይወጣል። ቀድሞ የጮኸው ተበዳይ መስሎ ይታያል። አባባሉ የበቀለው ከዚህ ይመስለኛል።

ቤተ መንግሥት ደጅም ያው ነበር። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ፣ ከንጉሡ ደጅ ከጠዋት እስከ ማታ «ጃን ሆይ!» እያለ ፍትሕ የሚጠይቅ እንደማይጠፋ ጽፏል። ክረምት ገብቶ ባለጉዳይ ሲጠፋ ደግሞ፣ ግቢው ጭር ብሎ ንጉሡን እንዳይከፋቸው፣ ተከፍሏቸው የሚያለቅሱና የሚጮኹ ሰዎች ነበሩ ይላል። ማንም ሳይነካቸው! ለካ ጩኸት ይከራይም ነበር።

ጮኸ የማይገባበት የለም። ዶሮ ይጮኻል፣ የራበው ሆድ ይጮኻል። ጆሮ ሲጮኽ «ማን እያማኝ ይሆን?» እንላለን። ሰሚ ያጣ አቤቱታ ደግሞ «የቁራ ጩኸት» ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን አባባሉ ራሱ መቀማቱ ነው። በመነሻው የተበዳይ ቃል ነው። ዛሬ ግን «ራሱ አጥፍቶ ጩኸቴን ቀሙኝ ይላል» ስንል የምንናገረው ስለ በዳዩ ነው። ኳስ ሜዳ ላይ ሰው ጠልፎ ጥሎ፣ የራሱን ቁርጭምጭሚት ይዞ የሚንከባለለውን ተጫዋች አስቡት።

ፍራንኮም የሆነው ይኸው ነው። ሰዉ ከሴትዮዋ ጋር ሲስቅ ሹፌሩ ግራ ገባው። ጎንበስ ብሎ ቲማቲም እየለቀመ አጉረመረመ፦ «እማማ፣ ጩኸቴን የቀሙኝማ እርስዎ ነዎት።»